ስለ ጠፋው የድስት ክዳንና ስለ ዓርቡ ጥየቃ

ለክቡር አቶ ሽብሩ
የአርሂባና አካባቢው መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ጅቡቲ

ክቡር ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ስኳርዎ ወረደልዎት ወይ? ጉልበትዎስ ደረጃ መውጣት ጀመረ ወይ? ከወደቡ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እምቢ ያለዎት እንቅልፍስ ታረቀዎት ወይ? እኔ የእድሩ ለፋፊ መልአኩ፣ ድሮ በጥሩምባ ዛሬ በዋትስአፕ ድምፅ አባላትን የምጠራው፣ ከዚህ ሙቀትና ከአንድ ሌላ ነገር በቀር ደኅና ነኝ። ሌላውን ነገር ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ። በእድራችን ሥርዓት ከባዱ ጉዳይ ስለሚቀድም እኔም ከከባዱ እጀምራለሁ።

በአርሂባ ብሎኮች፣ በካርቲየ ሰባት፣ በቡላኦስ እንዲሁም በየሰዉ ቤት ተቀጥራችሁ በምታድሩበት ሁሉ ለምትገኙ ወገኖች፣ የእድራችን ትልቁ ድስት ክዳን መጥፋቱን በጥልቅ ኀዘን እገልጻለሁ። ክዳኑ ከድስቱ ጋር ከድሬዳዋ በባቡር የመጣ፣ ጆሮው በሽቦ የተጠገነ፣ አንድ ጎኑ የተጨረመተ፣ ግን በዚያው ጭርምታው የሁላችንም ፍቅር የነበረው ነው። ከመጥፋቱ በፊት ስንት ሠርግና ስንት ለቅሶ እንደከደነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ይህ ዱብ ዕዳ በወደቀብን ጊዜ እርስዎ እጅዎን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ባለፈው ዓርብ አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ ጠሩ፤ እኔም እንደ ታዘዝኩት ለፈፍኩ፤ አባላት ከነቤተሰባቸው በሙሉ ተገኙ፤ እርስዎም ቆመው ዙሪያውን ካዩ በኋላ ፊትዎ በርቶ «ቀሪ የለም!» አሉ። ይህ በእድራችን ታሪክ አልፎ አልፎ እንኳ የማይገኝ ነገር ነው። የደንባችንን ጥብቅነት ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው፤ ከእኛ ጉባኤ የቀረ ሰው ካለ ስሙ ጮክ ተብሎ ይጠራል፤ እሱ ወይም ወኪሉ ተነሥቶ የቀረበትን ምክንያት እስኪያስረዳ ድረስም ጉባኤው በሙሉ ጸጥ ብሎ ይጠብቃል። ሾፌሩ ኃይሌ አንድ ጊዜ የጋላፊ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ቀርቶ፣ ስልኩን እስኪያነሳ ድረስ ያን ሁሉ ሰው በዚያ ቆርቆሮ ሥር ላባችንን እያንጠባጠብን ዝም አሰኝተውናል። የአንድ ሰው መቅረት ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህም ትምህርት አመሰግናለሁ።

በዚያው ጉባኤ «ልዩ ልዩ» የሚለው አጀንዳ ሲደርስ እጄን አውጥቼ ነበር። «መልአኩ፣ ዛሬ የክዳን ቀን ነው» አሉኝ። ሰዉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ እጄንም አወረድኩ። ያን ቀን ያልተናገርኩትን በዚህ ግልጽ ደብዳቤ ስጽፍ፣ የክዳኑን ቀን እንዳላረክስ ሌላ ቀን መርጬ እንደሆነ ይታወቅልኝ።

ጉዳዩ የጥየቃ ደንባችን፣ አሁን ደግሞ በፊታችን ዓርብ በእህታችን በዘቢባ ቤት ሊደረግ የታዘዘው የጋራ ጥየቃ ነው። የዘቢባ ልጅ ትኩሳት ይዟታል፤ ትስላለች፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ አፍንጫዋ አያቋርጥም፤ ከትናንት ጀምሮ ከጆሮዋ ኋላ ሽፍታ ወጥቶባት ወደ አንገቷ እየወረደ ነው። በዚያው ግቢ የወንድሟ የከይረዲን መንትዮች አሉ፤ ገና ጡት ላይ ናቸው። እርስዎም «ሁሉም አባል ከነልጆቹ እንዲገኝ ለፍፍ» ብለው አዘውኛል። ለፋፊነቴን ከያዝኩ ጀምሮ ያዘዙኝን ሳልለፍፍ ውዬ አላውቅም። ይሄን ግን እስከ አሁን አልለፈፍኩም። ምክንያቶቼን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ ነው።

አንደኛ። የጥየቃው ደንብ ከየት እንደመጣ አልረሳሁም፤ ረስቶ የጻፈ እንዳይመስልዎት። ባፈና የምትባል ልጅ ነበረች፤ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ እያደረች የምትሠራ። ስትታመም አሠሪዎቿ ሻንጣዋን ከደጅ አወጡላት። ካርቲየ ሰባት ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ተኛች፤ በሯን ያንኳኳላት ሰው አልነበረም፤ የጎረቤት ሰው በሩን የገፋው ከሞተች በኋላ ነው። እርስዎ ያን ቀን ከመቃብሩ ሳይነሡ፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ «ከእንግዲህ ከእኛ መካከል ማንም ሰው ብቻውን አይታመምም» ብለው ማሉ። እኔ አጠገብዎ ነበርኩ። ምላሴ ብዙ ነገር ላይ ትቀልዳለች፤ እዚያ ላይ ግን ቀልዳ አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ ግን ደንቡን እያሻሻሉ፣ እያጠበቁና እየሞረዱ አሁን ያለበት ከፍታ ላይ አደረሱት። በተናጠል መጠየቅ ቀረና ዓርብ ከሰዓት በጋራ ሆነ፤ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ በአንድ ዓይን እንዲታይ። ልጆች እንዲመጡ ተደረገ፤ ሰው መጠየቅን ከጡት ጋር እንዲማሩ። በመጨረሻም ያቺ የምትጣፍጥ ቃልዎ ተጨመረች፦ «እድር ከደጅ አይጠይቅም።» ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ የታመመውን ግንባር ስሞ፣ ፍራሹ ጫፍ ላይ ትንሽ ተጨናንቆ መቆየት ግዴታ ሆነ። በዚህ ረገድ ለተላላፊ በሽታዎች ሁሉ ያደረጉትን መስተንግዶ በሽታዎቹ ቢናገሩ ኖሮ ራሳቸው መጥተው ያመሰግኑዎት ነበር።

ሁለተኛ። የትርንጎ ልጅ አልአዛር የታመመ ጊዜ የተደረገውን ጥየቃ ያስታውሱታል፤ የተሳካ ነበር። ልጁ መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ጉንፋን አተኮሰው፣ አሳለው፣ አፍንጫውን አዝረከረከው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከብሎኩ ልጆች ጋር ኳስ ይጫወት ነበር፤ ማንም ምንም አላለም። ሽፍታው ፊቱ ላይ ወጥቶ ወደ ደረቱ ሲወርድ ነው እትዬ አበዛሽ መጥተው አይተው «ኩፍኝ ነው፣ ዝጉት!» ያሉት። መስኮቱ ተዘጋ፤ መጋረጃው ወረደ፤ ንፋስ እንዳይመታው ማራገቢያው ቫንቲላተር ጠፋ፤ ብርድ ልብስ ተደረበለት። በጅቡቲ። በዚህ ሙቀት።

ወደዚያች ክፍል ነው የገባነው። ጫማችን ከበሩ ውጭ እስከ ደረጃው ድረስ ተደርድሮ ነበር፤ ሳያውቅ ያለፈ ሰው መስጊድ መስሎት ጫማውን እስኪያወልቅ ድረስ። ውስጥ ግን ትንፋሽ የሚወጣበት ቀዳዳ አልነበረም፤ አንዱ ያወጣውን ሌላው እየሳበ ተቀመጥን። አልአዛር ይስላል፤ እኛ «ይማርህ» እንላለን፤ እሱ ደግሞ ያስነጥሳል፤ እኛ እንደገና «ይማርህ»። ልጆቹ ብርቱካኑን እየላጡ ይበላሉ፤ አንዷ የእሱን ኩባያ አንሥታ ትጠጣለች። እትዬ አበዛሽ በሽታውን ያጣጥሉት ነበር፦ «ውይ ኩፍኝ! ያልያዘው ማን አለ? እኔም ወጥቶልኝ፣ ልጆቼም ወጥቶላቸው፣ ይኸው ሁላችንም አልፈንበታል!» ሰዉም ራሱን ነቀነቀ። እውነት ነው፤ እዚያ የነበርነው ሁላችን አልፈንበታል። ያላለፉት ጉባኤ ስለማይመጡ ድምፃቸው አይቆጠርም።

ያኔ ነው ፅዮናዊት የመጣችው። ለማያውቃት አንባቢ፦ ፅዮናዊት ሆዷ እስኪታይ ድረስ ሰው ቤት ታድር የነበረች፣ ከታየ በኋላ እንደ ባፈና ሻንጣዋ የወጣላት፣ አሁን ከእትዬ አበዛሽ ቤት መጋረጃ ጋርዳ የምትኖር ልጅ ናት። የልጇ አባት ቦንሳ ከአዳማ የሚመጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ግማሽ ዕድሜው መንገድ ላይ ነው። ለእድሩ የሙከራ አባል ሆና የተመዘገበች ሰሞን ስልኳን ልታሠራ ሱቄ መጥታ «ምነው ቸኮልሽ፣ ገና ልጅ አይደለሽ?» ብላት፣ «ጋሼ መልአኩ፣ ብሞት የሚያነሳኝ ሰው ይኑር ብዬ ነው» ብላኝ ስቃ ነበር። የሙከራ አባል ደግሞ አንድ ጥየቃ ከቀረ ሙከራው እንደሚቋረጥ እርስዎ ያውቃሉ፤ እርስዎ ነዎት የደነገጉት።

ልጇን ሀዊን አዝላ ነበር። ሀዊ ገና ሰባት ወሯ ነበር። ሁለት ጥርሶች ከሥር አውጥታ፣ ያገኘችውን ሁሉ በእነዚያ ሁለት ጥርሶች የምትፈትሽበት ሰዓት ላይ ነበረች፤ የኔን የሥራ መፍቻ ሳይቀር ፈትሻለች። ፅዮናዊት በሩ ላይ ቆመችና «ጋሼ ሽብሩ፣ ሕፃን ይዣለሁ፣ እዚሁ ሆኜ ይማርህ ልበለውና ልመለስ?» አለችዎት። እርስዎ ተቆጥተዋት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ መጻፍ እንዴት በቀለለኝ! አልተቆጧትም። እንደ አባት ሆነው «ልጄ፣ እድር ከደጅ አይጠይቅም፤ ግቢ፣ እንግዳ አትሁኚ» አሏት። ደግሞም ወደ እኛ ዞረው «ሕፃን ለያዘች ሴት ቦታ ልቀቁ እንጂ!» ብለው አስነሡንና፣ በክፍሉ ውስጥ ከሁሉ የተሻለውን ቦታ፣ ከአልአዛር ራስጌ አጠገብ ያለውን፣ ሰጧት።

ስለዚህ ክብር በፅዮናዊት ስም አመሰግናለሁ። እሷ ራሷ ልታመሰግንዎት ጊዜ አላገኘችም።

ሦስተኛ። ሦስተኛውን ለጊዜው አልፈዋለሁ። 

አራተኛ። የክትባት ቡድኑን ስለ መለሱበት ትዕግሥት። ይህ ሁሉ ከመሆኑ ከወራት በፊት ነርሷ ሂንድ ከጤና ጣቢያው፣ ከዲስፓንሴሩ፣ ሁለት ሰዎች ይዛ መጥታ፣ የእድሩን አዳራሽ ለአንድ ጠዋት ብቻ አበድሩን፣ የሰፈሩን ልጆች እንከትብ ብላ ለምና ነበር። ገንዘብ አልጠየቀችም፤ ክትባቱም በነጻ ነው። እርስዎ ግን ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ጠየቋት። ደብዳቤውን ይዛ ስትመለስ አዳራሹ ውስጥ ድንኳኑ ተሰጥቶ እየደረቀ ነበር። ድንኳን እንዲደርቅ ጊዜ መስጠት ተገቢ ነው፤ እርጥብ ድንኳን ይበሰብሳል፤ ለቅሶ ቢመጣስ? መጣም። ድንኳኑ ደረቅ ነበር።

ሂንድ አሁን ደንበኛዬ ሆናለች። አባቷ የመናዊ ናቸው፤ አማርኛዋን ከጎረቤት ለቃቅማ ያበጀችው ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የምትለው። የስልኳን መስታወት ስቀይርላት በዚያ በተለቃቀመ አማርኛዋ የነገረችኝን፣ የእድራችን አመራር በተጣራ አማርኛ ሳይነግረኝ የኖረውን ሁሉ፣ እዚህ ላይ አሰፍራለሁ።

በሽታው በዚህ ከተማ በአራት ቋንቋ ስም አለው። ፈረንሳይኛው ሩዦል ይለዋል፤ ዓረብኛው፣ ሶማልኛውና አማርኛውም የየራሳቸውን። የሚይዘው ግን ቋንቋ ሳይጠይቅ ነው። የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው፤ በሳል፣ በማስነጠስ፣ በንግግር ሳይቀር። «መልአኩ፣ ስሚ» አለችኝ ሂንድ፣ «ልጁ ከክፍሉ ይወጣል፣ ትንፋሹ ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል።» እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ፣ ይልቁንም በተዘጋ ክፍል ውስጥ። ያልተከተበና ከዚህ ቀደም ያልያዘው ሰው ከገባ ከመያዝ የሚተርፈው ጥቂቱ ነው። ደግሞም ሽፍታው ከመውጣቱ ከአራት ቀን በፊት ጀምሮ ያስተላልፋል፤ ጉንፋን መስሎን ኳስ ስናጫውተው ማለት ነው። ሽፍታው ከወጣ በኋላም ለአራት ቀን ያህል እንዲሁ፤ እኛ ግንባሩን ስንስም ማለት ነው። በጉንጭ ውስጥ የጨው ፍንጣቂ የመሰሉ ነጭ ነጠብጣቦች ከሽፍታው ይቀድማሉ፤ አፍ ከፍቶ ያየ ሰው ያውቀዋል። እኛ የምንከፍተው የራሳችንን አፍ ነው።

«ታዲያ መድኃኒቱ?» አልኳት። በሽታውን ራሱን የሚገድል መድኃኒት እንደሌለ፣ ግን ብዙ ነገር ማድረግ እንደሚቻል ነገረችኝ። ልጁ ብዙ ይጠጣ፤ ጡት የሚጠባም ይጥባ፤ ሰውነቱ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ ዓይኑን ብርሃን ከወጋው መጋረጃ ይበቃል፣ መስኮቱ ግን ይከፈት። ብርድ ልብሱ ይነሣ። ዲስፓንሴር ወስደው ካሳዩት ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል፤ ዓይኑን ከመታወር ራሱንም ከሞት ያድናል። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከመጠን በላይ ካንቀላፋ አንድ ደቂቃ ሳይባክን ሆስፒታል። የሚገድለው ብዙ ጊዜ ሽፍታው አይደለም፤ ተከትሎት የሚመጣው የሳንባ ምችና ተቅማጥ ነው። ከዚህ ሁሉ ደግሞ አስቀድሞ የሚያድነው ክትባቱ ነው፤ የመጀመሪያው ዘጠኝ ወር ሲሞላ፣ ሁለተኛው ልጁ ዓመት ካለፈው በኋላ። አንዱ ብቻ አይበቃም።

«ዘጠኝ ወር ያልሞላውስ?» ብዬ ጠየቅኋት። ስልኳን አየች፤ ስልኩ ግን ጠፍቶ ነበር፣ መስታወቱም ገና አልተገጠመም። ከዚያ «እሱን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ» አለችኝ። «በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ተከትቦ፣ የታመመው ደግሞ ራቅ ብሎ፤ ሕፃኑ በሰው ታጥሮ ነው የሚያድገው።» በሰው ታጥሮ። እኛም አጥረናት ነበር፤ በሌላ መልኩ።

አምስተኛ አልነበረኝም። ወደ ሦስተኛው ለመመለስ ላለመገደድ ብዬ አንድ ልፈልግ ሞክሬ ነበር፤ የሊቀመንበሩ ወንበር ትራስ ከሌሎቻችን ስለ መወፈሩ ልጽፍ ጀምሬ ተውኩት።

ሦስተኛ። ከአልአዛር ጥየቃ በኋላ ሁለተኛው ሳምንት ሳይጋመስ ሀዊ ተኮሰች። ፅዮናዊት ወዲያው ዲስፓንሴር ልትወስዳት ጨርቋን ጠቅልላ ነበር። እትዬ አበዛሽ «አንቺ ልጅ፣ ሽፍታው ሳይወጣ ንፋስ ካገኛት ወደ ውስጥ ይገባና ልብ ይይዛል!» ብለው አስቀሯት፤ ክፉ ሴት ስለሆኑ አይደለም፤ ለገዛ ልጆቻቸውም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሌላዋ ጎረቤት ደግሞ «መኖሪያ ወረቀት ሳይኖርሽ ሄደሽ ቢይዙሽስ?» አለቻት። በኋላ እንደደረስኩበት ግን ሂንድ የሚመጣን ሰው ሁሉ የምትጠይቀው የሕፃኑን ስም ብቻ ነው። መስኮት አልነበረምና መጋረጃው ተዘጋ፤ ብርድ ልብስ ተደረበ፤ ውኃ ተከለከለች። እኛም፣ ደንብ ነውና፣ ዓርብ መጥተን ጠየቅናት። ገብተን። የዘቢባ ልጅ የሀዊን እግር ይዛ ስትስቅ አይቻታለሁ። አሁን ማን እንደታመመ ይኸው ያውቃሉ።

ከዚያ መጥባት አቆመች። በሁለት ጥርሷ የምትፈትሸው ነገር ቀረ። ትንፋሿ እንደ ሮጠ ሰው ሆነ፤ የጎድን አጥንቷ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ እየጠለቀ ይመለስ ነበር። ፅዮናዊት ለማንም ሳትነግር አንሥታት ወጣች፤ ሚኒባስ ላይ የተሳፈረችው አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ ነው። ሐኪሞቹ ያላቸውን ሁሉ አደረጉ፤ ዘግይታለች እንጂ አልሞከሩም አይባልም። ቦንሳ ከአዳማ ሲመጣ ገና ዲኪል ላይ ደርሶ ነበር። ለእሱ የደወልኩለት እኔ ነኝ፤ ለፋፊ አይደለሁ?

ከዚህ በኋላ እድራችን ምን ያህል ብቁ እንደሆነ ለመመስከር የሚያስችል ቃል የለኝም። ድንኳኑ ተተከለ፤ ወንበሩ ተደረደረ፤ ድስቱ ወጣ፤ ክዳኑም ያኔ አብሮት ነበር። ፅዮናዊት የሙከራ አባል ብትሆንም እርስዎ «ሙሉ አባል ትቆጠር» ብለው ወሰኑ፤ ድምፅዎ ሲሰበር ሰምቻለሁ። በደንቡ መሠረት ስድስት ተሸካሚዎች ተመደቡ። ስድስቱም ነጠላቸውን አጣፍተው ተሰለፉ። ሳጥኗን ግን ቦንሳ ለብቻው በክንዱ ይዟት ሄደ። ስድስቱ ሰዎች እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ከኋላው ተከተሉት። ከስድስቱ አንዱ እርስዎ ነበሩ። ከመቃብር ስንመለስ የእድሩን ዕቃ ማስቆጠር ጀመሩ። ክዳኑ መጥፋቱ የታወቀው ያኔ ነው።

ገብቶኛል፣ ጋሽ ሽብሩ። ክዳን ሲጠፋ መፈለግ ይቻላል።

ስለዚህ የምለምነው ብዙ አይደለም። በእርስዎ መልካም ፈቃድ «እድር ከደጅ አይጠይቅም» የምትለዋ ቃል ትሰረዝልን። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ያለበትን ቤት እንጠይቅ፤ ግን በስልክ እንጠይቅ፣ ከደጅ እንጠይቅ፣ ከመንገድ ማዶ ቆመን እጃችንን እያወዛወዝን እንጠይቅ፤ ውኃና ብርቱካኑን ደረጃው ላይ አስቀምጠን እንመለስ። በፊታችን ዓርብ ወደ ዘቢባ ቤት በመሄድ ፈንታ ልጆቻችንን ይዘን ወደ አዳራሹ እንምጣ፤ ሂንድን ጠይቄያታለሁ፣ ያቺን ማኅተም ያረፈባትን ደብዳቤ እስከ ዛሬ በቦርሳዋ ይዛታለች፤ ድንኳኑም አሁን ደርቋል። የከይረዲን መንትዮች ዛሬውኑ የእናታቸው ወገን ወዳለበት ቤት ይዛወሩ፤ ሂንድም መጥታ ትያቸው፤ ትኩሳት ካገኛቸው ንፋስ ሳንፈራ ወደ እሷ ይሮጡ። ባፈና ብቻዋን ስለሞተች ያወጡት ደንብ ነው፤ ሀዊ ደግሞ በሰው ተከባ ሞተች። ከሁለቱ መካከል አንድ ቦታ አይጠፋም፤ እኔ እንደሚመስለኝ ቦታው በሩ ላይ ነው፤ ፅዮናዊት ቆማበት የነበረው ቦታ።

እስከዚያው ድረስ የለፋፊው ስልክ ድምፅ መቅጃ በሕመም ምክንያት አገልግሎት እንደማይሰጥ በአክብሮት አስታውቃለሁ። ስልክ ጠጋኝ ነኝ፤ ሕመሙ ምን እንደሆነና መቼ እንደሚድን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሌላ ለፋፊ ከተሾመ ጥሩምባው ቤቴ አለ፤ መጥቶ ይውሰድ፤ ግን ከደጅ ሆኖ ይጠይቀኝ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለስኳርዎ ዝቅታ፣ ለእንቅልፍዎ ዕርቅ እየተመኘሁ፣ ለድስቱም መጽናናትን እየለመንኩ፣ በታዛዥነቴ እስካለፈው ዓርብ ድረስ የጸናሁ፣

መልአኩ
የእድሩ ለፋፊ፣ ቡላኦስ፣ ከስልክ መጠገኛው

ግልባጭ፦
ለመላው የእድሩ አባላት፣ በየበራቸው
ለነርስ ሂንድ፣ ዲስፓንሴር
ለጠፋው ክዳን፣ ባለበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ክዳኑ ተገኝቷል። ይዛው የመጣችው ፅዮናዊት ናት። እኛ ቀብር ላይ ሳለን ቤት የቀሩት ሴቶች የሀዊን ልብሶች አጥበው የሚያስቀምጡበት ሲያጡ በክዳኑ ላይ አጣጥፈው ከአልጋዋ ሥር አስገብተውት ኖሯል። እሷም ልብሶቹን አንሥታ፣ ክዳኑን በአመድ ፈትጋ፣ ሽቦውን ሳይቀር አንጸባርቃ አምጥታዋለች። ስለ ክዳኑ አስቸኳይ ጉባኤ መጠራቱን ሰምታለች፤ ልጇ ባለፈው ወር ታማ በነበረች ጊዜ አስቸኳይ ጉባኤ መጥራት እንደሚቻል ግን አላወቀችም ነበር። ስታስረክበኝ «ጋሼ፣ እንግዲህ የጎደለ የለም አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ፣ ለሁሉም አፍ ያለኝ፣ ክዳኑን ተቀብዬ ደብዳቤውን እንደገና ከፈትኩ። የአንደበቴን መልስ በጽሑፍ እነሆ።

እርማት፦ በዚህ ደብዳቤ መግቢያ ላይ ባለፈው ዓርብ በተደረገው አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ አባላት ከነቤተሰባቸው በሙሉ እንደተገኙና «ቀሪ የለም» እንደተባለ የተገለጸው ስሕተት ሆኖ ስለተገኘ እንደሚከተለው ታርሟል። ቀሪ፦ አንድ። ስም፦ ሀዊ ቦንሳ። በደንቡ መሠረት ስሟ በጉባኤው ፊት ጮክ ተብሎ ይጠራ። የቀረችበትን ምክንያት እስክታስረዳ ድረስም ጉባኤው በሙሉ ጸጥ ብሎ ይጠብቅ።